ከኮርኒሱ በላይ

ዝናሽ ከዴስኩ ስትንሸራተት ሶስና የሹራቧን እጅጌ ያዘች። አልበቃም። እጅጌው ተለጠጠ፤ የዝናሽ ትከሻ የዴስኩን ጠርዝ መትቶ ወለሉ ላይ አረፈ።

የሒሳብ መምህሩ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ዞሩ።

«ለከፋት!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«በሩን ዝጉት፤ ነፋስ እንዳይመታት!»

«ክብሪት! ክብሪት ያለው!»

ክብሪት ያለው አዳነ ነበር። ክብሪት ይዞ ትምህርት ቤት የሚመጣው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ማንም አልጠየቀውም። ጫረና አጠፋው፤ ጭሱንም ከዝናሽ አፍንጫ ሥር ያዘ። አንዱ ሮጦ በሩን ዘጋ። ሌላዋ ነጠላዋን አለበሰቻት። መስኮቶቹ ከኅዳር መግቢያ ጀምሮ እንደተዘጉ ናቸው። ከጉና የሚወርደው የጠዋት ብርድ እስክሪብቶ አያስይዝምና ርዕሰ መምህሩ አቶ ሙላቴ ራሳቸው በየክፍሉ ዞረው መቀርቀሪያዎቹን በሽቦ አስረዋቸዋል።

ዝናሽ ዐይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ነጥቷል።

«ራሴን» አለች። ከዚያ አስመለሳት።

ሶስና የስምንተኛ ‹ለ› ክፍል አለቃ ናት። ጠዋት ክፍሉን በቁልፍ የምትከፍተው፣ ስም የምትጠራው፣ የቀረውን የምትመዘግበው እሷ ናት። ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ ቀልድ አትችልም፤ የእጅ ጽሑፏ ግን ከመምህራኑ ይበልጣል። በስም መጥሪያው ላይ «ምክንያት» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። በዚህ ወር ጥሩወርቅ፣ ካሳሁንና እመቤቴ ክፍል ውስጥ ወድቀዋል፤ በሦስቱም ስም ትይዩ የጻፈችው አንድ ቃል ነው። ጸበል።

ዝናሽ አራተኛዋ ሆነች።

አቶ ሙላቴ መጥተው ዝናሽን በሁለት ልጆች አስደግፈው ወደ ቤቷ ሰደዷት። ከዚያ ክፍሉን አዩ። 

«ክልላዊ ፈተና በሰኔ ነው» አሉ። «አትረበሹ። ጸልዩ። በሩንም አትክፈቱት፤ ብርድ ነው።»

ሶስና የዝናሽን ደብተር ከወለሉ ስታነሣ ከዴስኩ ሥር አንዲት ድንቢጥ አገኘች። እግሮቿ ወደ ላይ ተቀስረዋል። ከላይ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋው ኮርኒስ በጥጉ ተቀድዷል። መስከረም ላይ ድንቢጦቹ እዚያ ላይ ሲንጫጩ መምህር ማስተማር ያቆም ነበር። ከመቼ ጀምሮ ዝም እንዳሉ ሶስና ማስታወስ አልቻለችም።

«እሷም ተለክፋ ነው» አለ አዳነ ድንቢጧን በጫማው እየነካ። «አብረን ጸበል እንውሰዳት።»

የሳቀ አልነበረም።

ረቡዕ ከሰዓት ሶስና ከከተማው በታች ወንዝ ዳር ወዳለው ጸበል ወረደች። ዝናሽ ፀጉሯ እርጥብ ሆኖ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥማለች። ጉንጯ ቀልቷል።

«ፎርፈሽ ነው?» አለች ዝናሽ።

«የጠዋት ፈረቃ ነን እኮ። ረሳሽው?»

«እዚህ ሰዓት የለም። ውኃው ግን፣ ሶስና! ጠዋት ሲያፈሱብሽ ነፍስሽ በጆሮሽ ነው የምትወጣው።»

«ራስሽስ?»

«ትናንት ነው የተወኝ። ከዚያ ወዲህ አላመመኝም።»

አጥማቂው መምሬ አስረስ መስቀላቸውን በመዳፋቸው ይዘው መጡ። ሶስና ተሳለመች። ከዚያ ስትጠይቅ ፊቷ ጋለ።

«አባ፣ ... መንፈሱ ተናገረ?»

መምሬ አስረስ ሳቁ። ሲስቁ የላይኛው ድዳቸው ይታያል።

«እዚህ ቆሜ ሳጠምቅ ሠላሳ ዓመቴ ነው። የያዘው ነገር ያለ ሰው ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ እኔን በስሜ ይጠራኛል። ይህች ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ የተናገረችው ‹ቆሎ ጨምሩልኝ› ብቻ ነው።»

«ኧረ አባ!» አለች ዝናሽ።

«ከክፍላችሁ የመጡት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። በመጡ በማግሥቱ ይሻላቸዋል። የእግዜር ቸርነት ነው፤ ጸበሉ አይታማም። ግን ያችን ጥሩወርቅን አድኖ ሰደዳት፤ በአሥረኛው ቀን ተመልሳ መጣች። እንደገና አዳናት።» መስቀላቸውን አገላበጡት። «ሰዎቹ አራት፣ የሚወድቁበት ቤት አንድ። እኔ ቤቱን አላየሁትም፣ ልጄ። የምትውዪበት አንቺ ነሽ።»

ሶስና ስትመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆመች። ስም መጥሪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ በጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ጥሩወርቅ፣ ዓርብ። ካሳሁን፣ ሰኞ። እመቤቴ፣ ዓርብ። ጥሩወርቅ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ሰኞ። ዝናሽ፣ ሰኞ። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ የወደቀ የለም። የሚቀመጡበትን ቦታ በጣቷ በአየር ላይ ሣለችው። አራቱም በአንድ ረድፍ ናቸው፤ ከእህል መጋዘኑ ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ሥር።

ዓርብና ሰኞ። ከሐሙስ በኋላ፤ እና ክፍሉ ሁለት ቀን ተዘግቶ ከሰነበተ በኋላ።

ሐሙስ ምን አለ?

መልሱ ቤቷ ውስጥ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ አባቷ ወደ ቤት የሚገቡት ደጅ ላይ እጃቸውን በአመድ አሽተው ከታጠቡ በኋላ ነው። ጋቢያቸው አጥር ላይ ያድራል። እናቷ «የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ መጣ» ትላቸዋለች።

ስም መጥሪያውን ዘጋችው። ወዲያው ግን አልተነሣችም።

የሶስና አባት አቶ ይሻው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የመጋዘኑ ቁልፍም በእሳቸው ወገብ ላይ ነው። መጋዘን የሚባለው ከስምንተኛ ‹ለ› ጋር በአንድ ቆርቆሮ ሥር ያለ የጥግ ክፍል ነው። ውስጡ የተደረደረው ስንዴና ባቄላ የተማሪዎቹ ምሳ ነው፤ ሳይበሉ ከሩቅ ቀበሌ በእግር ለሚመጡ ልጆች ወላጆች ከየቤታቸው ቁና ቁና ያዋጡት። ከገና በኋላ መቀቀል ይጀመራል ተብሏል።

ሐሙስ ከሰዓት ሶስና መጋዘኑ በር ላይ ስትደርስ አባቷ ጭቃ ያቦኩ ነበር። ከጭድና ከእበት ጋር።

«መጣሽ? ያን ውኃ አቀብዪኝ።»

አቀበለቻቸው። በመስኮቱ ዙሪያ የተሰነጠቀውን በአውራ ጣታቸው ሞሉት። ሥራቸው እንደ ሸማኔ ጥንቃቄ አለው።

«አየሽ? ትንፋሽ አያሳልፍም» አሉ። «እንደ ጎተራ ነው የመረግሁት። ጢሱ ቢያመልጥ የነቀዝ ክኒኑ ምን ይሠራል? ነቀዙ ውስጥ ሆኖ ይስቅብሻል።»

«በየሳምንቱ ነው የሚጨምሩት፣ አባባ?»

«በየሳምንቱ። ክኒኑን የሸጠልኝ ሰው አንዴ ይበቃል ብሎኝ ነበር። አላመንሁትም። ባለፈው ዓመት ነቀዝ በላው ስል ማን አመነኝ? ‹ይሻው በላው› ነው የተባለው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሰው ፊት። ዘንድሮ አንዲት ፍሬ አትቆስልም።»

ሶስና ወደ ላይ አየች። ግድግዳው ከቆርቆሮው ሥር በጥላ ይጠፋል።

«በላይ በኩልስ?»

«ምን በላይ?»

«ግድግዳው የት ላይ ነው የሚያበቃው? ከኮርኒሱ በላይ ግድግዳ አለ?»

አባቷ ጭቃውን በጣታቸው እንደያዙ ቆሙ። ይህ ብሎክ ሲሠራ ድንጋይ ካቀበሉት አንዱ ነበሩ። አራቱ ክፍሎች አንድ ጣሪያ እንዳላቸው፣ የውስጥ ግድግዳዎቹ ኮርኒሱ ላይ እንደሚቆሙ፣ ከዚያ በላይ ከጥግ እስከ ጥግ ባዶ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ድመት ከመጋዘን ገብታ በመምህራን ክፍል እንደምትወጣም ያውቃሉ።

«ኮርኒስ አለው እኮ» አሉ።

«ከማዳበሪያ የተሰፋ ነው፣ አባባ። የእኛ ደግሞ ተቀዷል። ድንቢጦቹ ሞተዋል።»

 ጭቃው በጣታቸው ላይ መድረቅ ጀመረ።

«ጥቂት ራስ ያማል እንጂ ሌላ ነገር የለውም» አሉ በመጨረሻ። «እኔንም ሐሙስ ሐሙስ ያመኛል።»

«እርስዎ ሩብ ሰዓት ነው የሚቆዩ። እኛ አምስት ሰዓት ነው የምንቀመጥ።»

«አሥራ ስድስት ቀን ነው የቀረው፣ ሶስና። አሥራ ስድስት። ከገና በኋላ መጋዘኑ ይከፈታል፤ ሁሉም ያልፋል። አሁን ብናገር እህሉ ይውጣ ይባላል፤ የትም ይጣላል፤ ይበላሻል። ከዚያ እንደገና ‹ይሻው በላው›።» ድምፃቸው ቀነሰ። «አንቺ ከዚያ ግድግዳ ራቂ። ዝናሽንም አርቂያት።»

«በቦታችን የሚቀመጡትስ?»

አባቷ ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው አሰሩ። የክኒኑን ጣሳ አነሡና ገቡ። በሩ ተዘጋ። ሶስና ውጭ ቆማ የጣሳው ክዳን ሲከፈት ሰማች።

ዓርብ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከመሰቀሉ በፊት ሶስና የርዕሰ መምህሩን በር አንኳኳች። ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ቀኖቹን፣ ረድፉን፣ ጣሪያውን፣ ክኒኑን። ስም መጥሪያውን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግታ በጣቷ አሳየቻቸው። የአባቷን ስም ብቻ አላነሣችም።

አቶ ሙላቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን ነገረሽ?»

«አየሁት፣ መምህር።»

«የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው አባትሽ ጋ ነው። እሳቸው ነገሩሽ?»

ሶስና ስም መጥሪያውን ወደ ራሷ ሳበችው።

«አየሽ» አሉ አቶ ሙላቴ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸው ደክሟል። «አምሳ ሁለት ልጅ የት ላስገባ? ትርፍ ክፍል የለኝም። ሕዝቡ ከአፉ ነጥቆ ያዋጣውን እህል የት ልጣለው? አሁን ግቡ። ሰኞ እናየዋለን።»

«ሰኞ አንድ ልጅ ይወድቃል።»

«ሶስና!»

«ዛሬም ሊወድቅ ይችላል። ዛሬ ዓርብ ነው።»

«አለቅነት የተሰጠሽ ሰልፍ እንድታስይዢ ነው። ሽብር እንድትነዢ አይደለም። ሂጂ፣ ክፍልሽን ክፈቺ።»

ክፍሏን ከፈተች። ቁልፉ ሲዞር፣ በሩ ሲገፋ፣ ያ ሽታ ወጣ፤ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል፣ ከሥሩ ደግሞ የበሰበሰ ነገር ያለበት። በየጠዋቱ ይሸታት ነበር። በየጠዋቱ የአንዱ ልጅ ምሳ ነው ብላ ታልፈው ነበር።

ክፍሉ በሙሉ ከኋላዋ ተሰልፏል። ሶስና ድንጋይ አንሥታ በሩን ገርበብ እንዳይል አስደገፈችው። ከዚያ ደረጃው ላይ ቆማ ዞረች። ስም መጥሪያውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ዛሬ ስም የምጠራው እዚህ ነው» አለች። «ወደ ውስጥ የሚገባ የለም።»

«ምነው?» አለ አዳነ። «ቤቱም ተለከፈ?»

«አዎ። የተለከፈው ቤቱ ነው። እኛ አይደለንም።»

 ነገረቻቸው። አላስረዘመችም። ስትጨርስ ጥሩወርቅ በክንዷ ሰው ገፍታ ወደ ፊት መጣች፤ ሁለት ጊዜ የወደቀችው ጥሩወርቅ።

«ጎረቤቶቻችን ከእኔ ጋር ውኃ መቅዳት ትተዋል» አለች። «እና ክኒን ነበር?»

«ክኒን ነበር።»

«አቦ፣ ብርድ ነው ግን!» አለ አለሙ፤ እጆቹን በብብቱ ሥር ሸጉጧል። «በዚህ ነፋስ ሁላችንም በሳንባ ምች ነው የምንሞተው።»

«እኔ ምቹን እመርጣለሁ» አለ አዳነ። «በታኅሣሥ ጸበል ከምጠመቅ።»

አሁን የሳቁ ነበሩ። ሳቁ ጥቂት አሞቃቸው። አዳነ ሹራቡን እስከ ዐይኑ ስቦ ገባ፤ አለሙም እየተነጫነጨ ተከተለው። ሁለቱ ልጆች አቶ ሙላቴ ያሰሩትን ሽቦ አንድ በአንድ ሲፈቱት፣ መስኮቶቹ ግድግዳውን ሲመቱ ከውጭ ተሰማ። ከዚያ ዴስኮቹ ወጡ፤ አንዱ በሁለት ሰው፣ እየተንጋደደ። ውርጩ ገና ያልቀለጠበት ሣር ላይ በረድፍ በረድፍ ቆሙ። ሶስና የግድግዳውን ሥር ረድፍ መጀመሪያ አስወጣች፤ ፀሐይ በሚመታው በኩልም አስቀመጠችው።

ከዚያ ጠራች።

«ሐብታሙ አያሌው።»

«አቤት።»

«ሙሉነሽ ደምሴ።»

«አቤት።»

በሜዳ ላይ የተጠራ ስም ሩቅ ይሄዳል። የሰባተኛ ክፍል ልጆች በመስኮታቸው መስተዋት ላይ አፍንጫቸውን ለጠፉ። ዝናሽ ስሟ ሲደርስ የመለሰ የለም። ሶስና ዓምዱን ባዶ ትታ አለፈች።

አቶ ሙላቴ ሲመጡ እየሮጡ ነበር ማለት ይቻላል።

«ማን ፈቀደ?»

«ማንም» አለች ሶስና።

«ዴስኮቹን መልሱ! ግቡ!»

ከኋላ ሁለት ልጆች ቦርሳቸውን አነሡ። አንዷ እንደገና አስቀመጠችው። ሌላው ቆሞ ቀረ። ጥሩወርቅ ዴስኳን በሁለት እጇ ይዛ አንገቷን ቀልሳለች፤ የሚነቅላት ያለ ግን አይመስልም።

«መምህር» አለች ሶስና። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ አልተሰበረም። «አንድ ዴስክ ውስጥ ትተናል። የዝናሽ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ይቀመጡበት። ምንም ካልሆኑ ይህን ሁሉ ዴስክ ብቻዬን እመልሳለሁ። አለቅነቱንም ይውሰዱት።»

አቶ ሙላቴ አዩአት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ሄዱ። ደፉ ላይ ቆሙ። መስኮቶቹ ተከፍተውም ሽታው ገና አልወጣም። አንድ ጊዜ በአፍንጫቸው ሳቡ። እግራቸውን አላሻገሩም። ቀና ብለው የተቀደደውን ኮርኒስ ለረጅም ጊዜ አዩ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ፣ የተፈታው ሽቦ ወደ ተንጠለጠለበት።

«በብርድ እንዳትታመሙ ነበር ያሰርሁት» አሉ። ለማን እንዳሉት አልታወቀም።

ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነበር።

«እህሉ ይውጣ ብዬ ለወረዳው መጻፍ አለብኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወረዳው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ማን አለ? ‹ተማሪዎች አሉ› ብዬ አልጽፍም፤ ይጥሉታል። በስም እፈልጋለሁ። ያየ ሰው፣ የፈረመ። አንቺ ከፈረምሽ ግን ጥያቄው የት እንደሚደርስ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። 

አቶ ይሻው መጋዘኑ በር ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አልታወቀም። ጋቢያቸውን ደርበዋል፤ ቁልፎቹ ወገባቸው ላይ ናቸው። ሜዳ ላይ የተደረደሩትን ዴስኮች አዩ፤ የቆርቆሮውን ጠርዝ አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ራሳቸውን አልነቀነቁም። እጃቸውንም አላወዛወዙም። ጠበቁ።

ሶስና ስም መጥሪያውን በቀዝቃዛው ዴስክ ላይ ዘረጋችው። በሰኞው ገጽ፣ በዝናሽ ስም ትይዩ፣ «ጸበል» የሚለው አለ። አልሰረዘችውም። እውነት ነው፤ የዳነችው እዚያ ነው። ከሥሩ በቀጫጭን ፊደል ጨመረች፤ «የነቀዝ ክኒን ጢስ፤ ከመጋዘኑ፣ ከኮርኒሱ በላይ አልፎ።» እንዲሁ በጥሩወርቅ ስም ትይዩ፣ ሁለት ጊዜ። በካሳሁን። በእመቤቴ።

ቀጥሎ ወደ ዛሬው ገጽ ግርጌ ወረደች፤ አለቃው ወደሚፈርምበት። ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ላይ የሚነበበው «ሶስና» ብቻ ነው። ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃልና ከዚያ በላይ ጽፋ አታውቅም።

ሶስና ብላ ጻፈች።

እስክሪብቶው ቆመ። ጣቶቿ በብርዱ ደርቀው አልታዘዝ አሏት። ወደ አፏ አስጠግታ እፍ አለችባቸው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ወደ መጋዘኑ አላየችም።

ከዚያ ከስሟ ቀጥሎ፣ ፊደሉን ሳታሳንስ፣ የአባቷን ስም ጻፈች።